የሌላ ፋብሪካ መኪና

የልጃቸው እጮኛ ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው ውሃ እንደሚያንጠባጥብ ሞሪዋኪ አዩ።

«መኪና አለው አላልሽኝም?» አሏት ልጃቸውን ፉሚኖን፣ ቀስ ብለው።

«አለው፣ አባዬ።»

«ታዲያ በዚህ ዝናብ በእግሩ ምን አመጣው?»

ፉሚኖ እናቷን አየች። እናቷ ጣሪያውን አዩ። እጮኛዋ ታኩማ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና፣ «ጋሼ፣ መኪናዬ የሌላ ፋብሪካ ናት። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ነው ያቆምኳት» አለ።

«ብልህ ነህ» አሉ እናቲቱ። «ይኼ ሰውዬ እኮ ስሞት እንኳ ሌላ ፋብሪካ በሠራው የአስከሬን መኪና አያስጭነኝም።»

ማንም አልሳቀም። በዚህ ከተማ ሰው ሁሉ የሚነዳው የከተማውን ፋብሪካ መኪና ነው። የሌላ ፋብሪካ መኪና የያዘ ሠራተኛ ከወንዙ ማዶ አቁሞ፣ ድልድዩን በእግሩ ተሻግሮ ነው ሥራ የሚገባው። የሞሪዋኪ አባት ከጦርነቱ በኋላ ባለሦስት እግሯን የጭነት መኪና ከሠሩት አንዱ ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው በፋብሪካው ሠላሳ ስምንት ዓመት የመኪና በር ገጥመዋል። ያገቡት ትንሿ ባለሁለት በር መኪና በወጣች ዓመት ነው፤ ፉሚኖ የተወለደችው ባለተንሸራታች በሯ የቤተሰብ መኪና በወጣች በሳምንቱ። ዛሬ ፉሚኖ ከአባቷ የምትጠብቀው አንዲት ቃል ናት፤ «እሺ» የምትል።

«ከማን ገዛሃት?» አሉ ሞሪዋኪ።

«የአያቴ ናት፣ ሲሞቱ ተውልኝ። እዚያኛው ፋብሪካ ቀለም ቀቢ ነበሩ።»

ሞሪዋኪ ተነሥተው ጃንጥላቸውን አነሡ። «ና፣ አሳየኝ።»

«አባዬ፣ ሾርባው!»

«ይቀዝቅዝ።»

ከቤተ መቅደሱ ጀርባ የቆመችው ሰማያዊ ናት፣ የሃያ ሁለት ዓመት መኪና። ሞሪዋኪ አንዴ ዞሯት። በበሩና በአካሏ መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። የትም አልሰፋም፣ የትም አልጠበበም። በሩን ከፍተው ዘጉት። ጆሯቸውን አዘንብለው ደግመው ዘጉት። በደንብ የተሠራ ሣጥን ሲከደን እንደሚሰማው ያለ፣ ወፍራምና ለስላሳ ድምፅ ነበር።

«ተጋጭታ ታውቃለች?»

«በጭራሽ፣ ጋሼ።»

በሩን ለሦስተኛ ጊዜ ሲዘጉት ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ይህን ማጠፊያ በትከሻው ደግፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ያሰረ ሰው አለ። ይህን ሁሉ ዘመን እሳቸው እዚህ፣ ሰውዬው እዚያ።

«ይቺን በር የገጠመውን ሰው ታውቀዋለህ?»

«ኧረ ጋሼ! ከየት አውቄ?»

«አያትህን መጠየቅ ነበረብህ» ብለው ተቆጡት። ከዚያ ጃንጥላቸውን አጥፈው ገቡና ቀበቶውን አሰሩ። «በል ንዳ።»

«ወዴት?»

«ወደ ቤት ነዋ! የኔ አማች እንደ ሌባ ተደብቆ ይገባል?»

ታኩማ «አማች» የምትለውን ቃል ሲሰማ ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ፈልጎ አነሣው። «ጎረቤት ያያል እኮ፣ ጋሼ።»

«ቀስ ብለህ ንዳ ታዲያ፣ በደንብ እንዲያዩ።»

ዝናቡ አባርቶ ሰው ደጁን መጥረግ ጀምሯል። ጡረታ የወጡት የድሮ አለቃቸው ሰማያዊዋን መኪና ሲያዩ መጥረጊያቸውን ይዘው ደርቀው ቀሩ። ሞሪዋኪ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ አንገታቸውን ወደ ውጭ አውጥተው፣ ለአለቃቸው፣ ቀጥሎም በመንገዱ ግራና ቀኝ ለቆመው ሁሉ፣ አንድ በአንድ እጅ እየነሡ አለፉ።