ጯሂው ማርሚታ

«ይሄ ማርሚታ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ዳገት ላይ ግን ሞተርህ ጉልበት አያጣም። ያኛው ጩኸት ብቻ ነው» አለ ተገኘ የሚባለው የደብረ ብርሃን መካኒክ።

ወደ መንዝ ሰው የሚያመላልሰው ሾፌር ወሰኔ ከት ብሎ ሳቀበት። ይሄ ግሪስ የጠገበ ምን ያውቃል? የመንዝ ሰው እንደሆነ ሰዓት የለው፤ የመኪና ድምፅ ከገደሉ ማዶ ሲሰማ ነው ጓዙን ተሸክሞ መንገድ ዳር የሚሰለፈው። ጯሂውን የጭስ ማውጫ አስገጠመ።

በማግስቱ በጓሳ በኩል እያስጓራ መሐል ሜዳ ሲደርስ፣ መንገድ ዳር ከአሮጊቷ ከእማማ ወለተኪዳን በቀር ማንም የለም።

«ሰዉ የት ገባ?»

«አሁን ጭነኸው ሄድክ አይደል፣ ልጄ? ድምፅህን ሰምተን ወጣን። ለእኔ ቦታ ቢጠፋ፣ ተመልሼ እወስድዎታለሁ አልከኝ።»

ባላገር! ዓይን የላቸው፣ ጆሮ የላቸው። መንገዱ እንደሆነ አንድ ነው፤ ሲመጣ አንድም መኪና አላጋጠመውም። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

ያኔ ድምፁን ሰማው። እሱ በመጣበት በጓሳ በኩል፣ ያው የራሱ ማርሚታ እያጓራ ይመጣል። መኪናው ጭነት እንደሌለው ከድምፁ ያስታውቃል።

እማማ ወለተኪዳን ጓዛቸውን አንስተው ቆሙ።

«ይኸው፣ እንዳልከኝ ተመለስክልኝ» አሉ። የሚያዩት ግን እሱን አልነበረም።