ፍሬው የዘር ነው

በሽታው በቆሎን ከየአገሩ ካጠፋው ወዲህ፣ የተረፈው ፍሬ ሁሉ ለዘር ብቻ ተባለ፤ መብላት አሥራ ሁለት ዓመት ተከልክሎ ኖረ። ዛሬ ክልከላውን ሲያስከብር የኖረው የልማት ሠራተኛ ፈንታሁን ቡሬ ካለው ማሳዬ ድረስ እየሮጠ መጣ።

«አንጓች፣ እንኳን ደስ ያለሽ፤ ተፈቀደ! እናትሽ ድሮ ለተመራማሪዎቹ የሰጧት ዘር ሜክሲኮ ተቀምጣ፣ ኬንያ ተዳቅላ፣ በሽታውን ቻለችው!»

ያቺ ዘር እናቴ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቅላ ያቆየቻት አንዲት ራስ በቆሎ ነበረች።

እልል ብዬ ለዘር ከያዝኩት ማሳ ሁለት እሸት ቆርጬ ጠበስኩ፤ አንዱን ለፈንታሁን፣ አንዱን ለአሥር ዓመቷ ልጄ ለትርንጎ። እሷ ግን ፍሬውን አንድ ባንድ ፈልፍላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«ምነው፣ አትበይም?»

«ፍሬው የዘር ነው። እኔ ቆረቆንዳውን እበላለሁ።»

አንዷን ፍሬ በግድ አጎረስኳት። ሳታላምጥ ፈንታሁንን በፍርሃት ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን አፉን በእሸት ሞልቶ ያላምጥ ነበር።