የጾመው ልብ

ያኔ እያንዳንዱ ሰው ከገዛ ደሙ የበቀለ፣ በብርጭቆ ሳህን ውስጥ የሚመታ ትንሽ ልብ በቤቱ ነበረው። መድኃኒት መጀመሪያ እሱ ላይ ጠብ ይደረጋል፤ ምቱ ካልተዛባ ባለቤቱ ይውጣል።

እትዬ ዘርፌ በሳህን ላለው ልብ የሚሰጠው ቀለብ ከጥጃ ደም እንደሚሠራ ስትሰማ የልጇን የትርንጎን ልብ ፍልሰታን አስጾመችው። የራሷን ግን ትመግበው ነበር፤ ስኳር ስላለባት የነፍስ አባቷ ከጾም ፈትተዋታል።

በአሥረኛው ቀን በትርንጎ ሳህን ያለው ልብ መምታቱን አቆመ። በማግስቱ ትርንጎ በትኩሳት ወደቀች። ሌላ ልብ እስኪበቅል አርባ ቀን ይፈጃል፤ ያለ ሳህን ደግሞ መድኃኒት የሚሰጥ የለም። ዘርፌ ከራሷ ሳህን ላይ ስሟን ፍቃ የልጇን ጻፈችበት።

"ከእኔው ሆድ የወጣች፤ ልባችንን ምን ይለየዋል?" አለች ለራሷ።

የመድኃኒት ቤቱ ሰው ጠብ አድርጎ አየ። "ብርቱ ልብ ነው እትዬ። ምንም አላለውም።"

"በእኔ ወጥታ ነው።"

ቤት ስትደርስ ትርንጎ ክኒኑን ተቀበለቻት። "እማዬ፣ ልቤ ቻለው?"

"ቻለው፤ ዋጪና ተኚ።"

ትርንጎ ውጣ ስትተኛ፣ ዘርፌ መደርደሪያው ላይ ያለውን ዝም ያለ ሳህን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችና እጇን በልጇ ደረት ላይ አሳረፈች። አንድ ምት ተሰማት። ሁለተኛውን ስትጠብቅ ቆየች።