ከነላስቲኩ

የሰፈራችን አስተማሪ ጋሼ ይርዳው በ1994 ዓ.ም.፣ በእህቴ ሠርግ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የካርቱን መጽሐፍህን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል» አለኝ። እንግዳው ሁሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ለሥዕል እርሳስ አላነሳሁም፤ ይኸው ሽንኩርት ስቸረችር ሸበትኩ።

ትናንት ጋሼ ይርዳውን አሮጌ መጽሐፍ ተራ፣ በስጦታ የሰጠሁትን ያንኑ መጽሐፍ ለአንድ የብርቅ መጻሕፍት ሰብሳቢ ሊሸጥ ሲከራከር አገኘሁት። ሰውየው «ተወደደብኝ» ሲለው ጋሼ ይርዳው ተቆጣ።

«ላስቲኩን እየው እንጂ ወንድሜ! ማተሚያ ቤቱ እንዳሸገው ነው። ሠዓሊው በእጁ ከሰጠኝ ጀምሮ አንድም ቀን አልከፈትኩትም!»

ቀና ሲል አየኝና ፊቱ በራ።

«ይኸው ራሱ መጣ! እስኪ ንገረው፣ እውነቴን አይደል?»

መንገዴን ቀጠልኩ።