የባዶ ባለሙያ

በ1964 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የዲላው ቡና ነጋዴ የአቶ ተክለማርያም ልጅ የትምወርቅ ለትምህርት ከሄደችበት ስዊስ እጮኛ ይዛ መጣች። ወልዱ ይባላል፤ የይርጋለም ልጅ ነው። መልኩ ደህና፣ ኮቱ አብሮት የተወለደ የሚመስል ሽቅርቅር ነበር።

«ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ አባት፣ ምሳ እንደተበላ።

ወልዱ የኮቱን እጅጌ አስተካከለ። የትምወርቅ ቀደም አለች።

«አንድ ትልቅ የብረት ቧንቧ አለ፣ አባባ። እንደ ቀለበት የዞረ። ውስጡ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች እንደ እብድ ይሮጣሉ። አየር ካለ እየተጋጩ ይበተናሉ። አየሩን መጥጦ ማውጣት ነው ሥራው።»

«ከዚያስ ምን ይገባበታል?»

«ምንም። ባዶ እንደሆነ እንዲቆይ መጠበቅ ነው።»

«የባዶ ዘበኛ!» ብለው አቶ ተክለማርያም በሳቅ ፈነዱ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። ሰውየው አጭበርባሪ ነው፤ ልጄ ልትሸፍንለት ነው ብለው አሰቡ። «እስቲ አንተው በአፍህ ንገረኝ።»

«እሷ ብትነግርዎ ይሻላል፣ ጋሼ» አለ ወልዱ፣ ወደ የትምወርቅ እያየ።

የአባት ጥርጣሬ ጸና። «በሉ በተግባር አሳዩኝ፤ አለዚያ ሠርግ የለም!» አሉ።

በማግስቱ ግቢው በሰው ጢም አለ። የትምወርቅ ከብረት ሠሪ ሁለት ባለ እጀታ ወፍራም የብረት ጎድጓዳ ሳህኖች አሠርታ አመጣች። ወልዱ መቀስ አንሥቶ ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ክብ ጎማ ቆረጠ፤ ልክ እንኳ አልወሰደም። ጎማውን መሐል አድርገው ሳህኖቹን አፍ ለአፍ ገጠሟቸው። መንፋቱ ቀርቶ እንዲስብ ሆዱ ተገልብጦ በተሠራ የብስክሌት ፓምፕ ወልዱ አየሩን ይስብ ጀመር።

«ሳብ! ቀስ! አሁን በርታ!» ትላለች የትምወርቅ፣ ከአንዱ ሳህን ጋር በተገጠመው የአየር መዝጊያ ላይ አጎንብሳ።

«እሷ ባትኖር ምን ሊውጠው ነበር?» አሉ አቶ ተክለማርያም በሆዳቸው።

መዝጊያው ተቆለፈ። የቡና ጫኞች አለቃ ባልቻ ምራቁን እጁ ላይ እንትፍ አለ። «ይችንማ በትንሿ ጣቴ!»

ጎተተ። ንቅንቅ የለም። ጓደኞቹን ጠራ፤ ግራና ቀኝ ተከፍለው በገመድ ጎተቱ። ገመዱ ሲያመልጣቸው በጀርባቸው ተዘረሩ።

«ወይኔ! ምንድን ነው የከተቱባት?»

«ምንም!» አለች የትምወርቅ፣ በሳቅ እየተንፈራፈረች። መዝጊያውን ፈታ ስታደርገው ፉጨት ተሰማ፤ ሳህኖቹም ያለ ማንም ጉልበት ተላቀቁ።

ግቢው በእልልታ ተናጋ። እንደገና ተገጠመ፤ አሁን አቶ ተክለማርያም ራሳቸው ገመድ ያዙ። ባርኔጣቸው ወደቀ፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ወልዱን አንገቱን አቅፈው አገላብጠው ሳሙት።

«መርቄ ሰጥቼሃለሁ! ሰው ሁሉ ይስማ፣ ቃሌን አላጥፍም! አሁን ተነሥ፣ አሪቻ ያለው የቡና ማጠቢያዬ ፓምፕ አየር እያስገባ አስቸግሮኛል። አንድ ጊዜ እጅህን ጣል አድርግበት፣ ባለሙያው!»

«አባባ፣ ወልዱ ልብስ ሰፊ ነው» አለች የትምወርቅ፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች፤ «የቧንቧው ሥራ የእኔ ነው፤ ፓምፑንም እኔ አየዋለሁ።»