የአማት ሹራብ

ሁለቱ ትንንሽ ውሾች የጉዞ ሳጥናቸው ውስጥ ወባ እንደያዘው ሰው እየተንቀጠቀጡ ኤርፖርቱን በጩኸት አናወጡት። «እንዲህ ሆነውማ አይሳፈሩም» አለች የአየር መንገዱ ሠራተኛ። «ጠረኑን የለመዱትን ልብስ አስገቡላቸው።» ባህር ማዶ ልትወስዳቸው የተነሳችው ባለቤታቸው ሻርፗን ብታስገባ ጭራሽ ባሰባቸው፤ የባሏ ካልሲማ አስነጠሳቸው።

ሊሸኟት የመጡት አማቷ ራቅ ብለው ቆመው ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ «ውሻ አጠገቤ እንዳይደርስ!» እያሉ ቤቱን ሲያምሱ የኖሩ ሴት ናቸው። አሁን ግን ሹራባቸውን አውልቀው አቀበሏት። ደረቱ ሙሉ የውሻ ፀጉር ነበር። ውሾቹ ተሽቀዳድመው ተወሸቁበትና ወዲያው ማንኮራፋት ጀመሩ።

«እማማ?» አለች ምራትየዋ አፏን ከፍታ።

«ምን አፍጥጠሽ ታዪኛለሽ?» አሉ አማቷ ፊታቸውን አዙረው። «ብቻ ስትደርሱ እንዳታጥቢው።»