ከዚያ ቤት ማንም አልወጣም

ተቆጣጣሪው በዕድሜው አንድም ቀን ጌም ተጫውቶ አያውቅም። እንኳን ሊጫወት፣ የሚጫወት ሰው ሲያይ ሆዱን ያመዋል። ሆኖም ቅዳሜ ከሰዓት ጫማውን ወልውሎ፣ ክራቫቱን አጥብቆ፣ አዳዲስ ጌሞች የሚታዩበት ኤግዚቢሽን በር ላይ ተገኘ።

ያስመጣው የታናሽ ወንድሙ ስልክ ነው።

«ጋሼ፣ እንዳትቆጣ» ነበር ያለው። «እትዬን አየኋት። ፀጉሩን ከኋላ ካሰረ ልጅ ጋር ጌም ኤግዚቢሽን ስትገባ። ሳጥን ተሸክመው ይሳሳቃሉ።»

«የእኔ ሚስት? ትስቃለች?»

«እኔም እሱ ነው የገረመኝ።»

ሚስቱ የሥዕል መምህርት ናት። ሰው ቀና ብላ የማታይ፣ ቤት ውስጥ ስትራመድ እንኳ ኮቴዋ የማይሰማ። «ተማሪ አስጠናለሁ» እያለች ማታ ማታ ስትወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱም አምኗት ኖሯል። ዛሬ ግን ቆርጧል። ዓይኑ ካየ፣ ዛሬውኑ ሻንጣዋን በር ላይ ያስቀምጥላታል።

ቲኬት የምትቆርጠው ልጅ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። ተቆጣጣሪው በጋብቻ ቀለበቱ መስታወቱን ሁለቴ መታ። ልጅቷ እሱ የሚቆጣጠረው የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኛ አይደለችምና፣ ተረጋግታ መልእክቷን ጨርሳ ቀና አለች።

«ሥርዓት የሚባል ነገር ጠፋ» አለና ገባ።

አዳራሹ ውስጥ የሌለ ጉድ አልነበረም። ጢም ያወጡ ሰዎች የፕላስቲክ ጎራዴ ታጥቀው ይንጎራደዳሉ። አንዱ የሌለ መኪና እየነዳ በየኩርባው መላ ሰውነቱ ያጋድላል። ሌላው ዓይኑን በጥቁር መነጽር ጋርዶ፣ ዝንብ እንዳስቸገረው በሬ አየሩን ይመታል። ወላጆቻቸው ይህን ቢያዩ ያወጡት የትምህርት ቤት ክፍያ ይቆጫቸዋል ሲል አሰበ። አንድ መደርደሪያ በጣቱ ዳበሰና አቧራውን አየ። አንዱ ክፍል ውስጥ በቀን መብራት ሲበራ ቢያይ እጁ አላስቻለውም፤ አጠፋው። ከውስጥ የሰው ጩኸት ተሰማ። ዞር ብሎም አላየ።

ጥግ ላይ ረጅም ወረፋ ነበር። ከወረፋው ፊት ደግሞ ፀጉሩን ያሰረው ልጅ።

ወዲያው ከልጁ ጀርባ ያለው መጋረጃ ገለጥ አለና የሴት እጅ ውሃ አቀበለው። ያችን እጅ ያውቃታል። ልጁ አንድ ነገር ሲያንሾካሹክ ከመጋረጃው ወዲያ ሳቅ ተሰማ። ሳቁን ግን አያውቀውም።

ደሙ ፈላ። ቢሮጥ በጓሮ ታመልጠዋለች። እጅ ከፍንጅ ለመያዝ ቀስ ብሎ መጠጋት ይሻላል። ወረፋ ያዘ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለ፣ ከፊቱ የቆመችውን ባለ ቦርሳ ወጣት።

«‹መውጫ› ነው የሚባለው። አንዲት ሴት አለች፤ ሰውዬው ሳይደርስባት ሻንጣዋን ይዛ ከቤቱ መውጣት አለባት። ከጠዋት ጀምሮ ማንም አልወጣም። እኔ ራሴ አራት ጊዜ ተይዣለሁ።»

«ሰውዬው ጭራቅ ነው?»

«ጭራቅ ቢሆንማ በምን ዕድላችን! ሰውዬ ነው፤ በቃ።»

ፊት ለፊት አንድ ጋዜጠኛ ባለፀጉሩን ልጅ ይጠይቀዋል። ልጁ «ሠሪዋ ሰው ፊት መቆም ታፍራለች፤ ጥያቄ ካለ ለእኔ» ይላል።

«ይህን ሠርታማ ማፈር አለባት» አለ ተቆጣጣሪው። ማንም አልሳቀለትም።

ተራው ደረሰ። ልጁ መነጽሩን አጠለቀለት፤ እሱ የሚያየውና የሚሰማው ሁሉ ለወረፋውም በግድግዳው ስክሪን ይደርሳል። «ድምፁን ሲሰሙ ጠረጴዛ ስር ይግቡ፣ ጋሼ።»

ከፊቱ ቤት ተከፈተ። ንጹሕ ቤት። ፎጣዎች እኩል ታጥፈዋል፤ ጫማዎች በመስመር ተሰልፈዋል። ከዚህ ሁሉ ጉድ ውስጥ ሰው የሚኖርበት የሚመስለው ይሄ ብቻ ነው አለ በልቡ።

ድምፁ ተሰማ። ከኋላው ወረፋው ተንጫጫ፤ «ይግቡ! ይግቡ እንጂ!»

ተቆጣጣሪው ንቆ ቆመ። እንዲህ ያለ ተራ ድምፅ ምኑ ያስደነግጣል?

ሰውዬው ፊቱ አይታይም፤ አይሮጥም። መብራት እያጠፋ፣ መደርደሪያውን በጣቱ እየዳበሰ ይመጣል።

«አሁን ወደ ኩሽና ይሄዳል» ሲል ተቆጣጣሪው አጉረመረመ። «ቧንቧው መዘጋቱን ሳያይ አይመለስም።»

ሰውዬው ወደ ኩሽና ሄደ።

ተቆጣጣሪው ሻንጣውን አነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ሰውዬው ከኋላው ብቅ አለ። ወረፋው ትንፋሹን ዋጠ። ተቆጣጣሪው ግን አልተጣደፈም። ጎንበስ አለና ከተሰለፉት ጫማዎች አንዷን ከመስመር አወጣት።

ሰውዬው ቆመ። ጫማዋን ሊያስተካክል አጎነበሰ። ተቆጣጣሪው በሩን ከፍቶ ወጣ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ባለፀጉሩ ልጅ መነጽሩን አወለቀለት።

«ጋሼ፣ ጫማዋን እንዴት አወቁ? እኔ እንኳ እንደዚህ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር!»

«ልጄ፣ ሥርዓት ያለውን ሰው ማወቅ ምን ይከብዳል?» አለና ክራቫቱን አስተካከለ።

ያኔ ቀና ሲል መጋረጃው ተገልጧል። ሚስቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ለምን እንደመጣ ትዝ አለው። እሷም ዓይኖቻቸው ሲገጣጠሙ ፊቷን አዞረች፤ ቦርሳዋን አንስታ በጓሮው በር በኩል መራመድ ጀመረች።

ተቆጣጣሪው ሚስቱን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። እንደ ልማዱ በቀለበቱ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ።

ወረፋው ላይ የነበሩት ሁሉ እየጮኹ ያገኙት ጠረጴዛ ስር ገቡ።